የይምሰል ጎራዴን እንዴት እንለያለን?

ሠርግ ነበር። ዳሱ ሞልቷል። ምሳው ተበልቶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ጎረምሶቹ ሽለላና ፉከራ ጀምረዋል። የሙሽራው ወንድም ከከተማ ያመጣውን አዲስ ጎራዴ ከአፎቱ መዝዞ ተነሣ። ጎራዴው እንደ መስተዋት ያበራል። እጀታው ወርቅማ ነው። ስለቱ ላይ አንበሳ ተቀርጾበታል። ሰው ሁሉ «አቤት! አቤት!» አለ። ልጁ ዘለል ብሎ ጎራዴውን ከራሱ በላይ አዞረው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዞረ። በሦስተኛው እጁ ላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነበር።

ስለቱ ወዴት ሄደ? በሴቶቹ ራስ ላይ አልፎ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተጋጨና ወደቀ። ከምሰሶው ሥር አንዲት ሕፃን ቆሎ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አልነካትም። እናቲቱ ልጇን አንሥታ ወጣች። ዘፈኑም ከዚያ በኋላ አልሞቀም።

በማግሥቱ ስባሪውን ይዘን ወደ መንደራችን ባለ እጅ ሄድን። ባለ እጁ እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ማረሻችንን የሚያሾሉልን፣ ማጭዳችንን የሚያበጁልን እሳቸው ናቸው። (እንደ እሳቸው ያሉትን ሰዎች «ቡዳ» እያሉ የሚሸሹ ሞኞች ዛሬም አልጠፉም። ባለ እጅ ባይኖር ኖሮ መሬቱን በጥፍራችን እንቧጥጥ ነበር።) ሽማግሌው ስባሪውን አገላብጠው አዩና ሳቁ።

«ይሄ እኮ ጎራዴ አይደለም። የጎራዴ ፎቶግራፍ ነው» አሉን።

ነገሩን ጠይቀን ተረዳን። እኛ የተማርነውን እናንተም ብታውቁት ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን። ጎራዴ ዛሬ የጦር መሣሪያ መሆኑ ቀርቷል። ነገር ግን በሠርግ፣ በበዓል፣ በቴአትርና በዘፈን ቡድን ዘንድ ገና ይያዛል። በከተማ ሱቆችም ለጌጥና ለመታሰቢያ እየተሠራ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን የይምሰል ጎራዴ እንለዋለን።

የይምሰል ጎራዴ የሚሠራው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በስፔን አገር ቶሌዶ የምትባል ከተማ አለች። በጥንት ዘመን በጎራዴዋ ስሟ የተጠራ ነው። ዛሬ በሱቆቿ ከሚሸጠው ጎራዴ ብዙው ለእንግዳ የሚሆን የግድግዳ ጌጥ ነው። በቻይና ሎንግቿን፣ በሕንድ ደግሞ ዴራ ዱን በሚባሉ ከተሞችም ብዙ ጎራዴ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳትብን። ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ከእነዚህ አገሮች በመጠነኛ ዋጋ ደኅና ብረት ይዞ የሚመጣ ጎራዴ አለ። ውድ ሆኖ የማይረባም አለ። ችግሩ ለግድግዳ የተሠራውን ይዞ መወዝወዝ ነው።

ታዲያ እንዴት እናውቀዋለን?

ባለ እጁ በመጀመሪያ እጀታውን ሰንጥቀው ከፈቱት። ውስጡን ስናይ ደነገጥን። ያ ሰፊ ስለት እጀታው አፍ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከምስማር ትንሽ ወፈር የሚል ዘንግ ነው። ዘንጉ ከስለቱ ጋር የተያያዘው በብየዳ ነው። የተሰበረውም ልክ ብየዳው ላይ ነው።

በእጀታ ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ክፍል «ጭራ» ብለን እንጥራው። ማጭዳችሁን አስቡ። የማጭዱ ብረት ወደ እጀታው እየሾለ ይገባል። ብረቱና ጭራው አንድ ናቸው። ማንም በያጅ መካከል ላይ አልቀጠላቸውም። የማጭድ ጭራ ቀጭን ሆኖ ተበይዶ ቢሆን ኖሮ የአንድ ቀን አጨዳ አይዘልቅም ነበር። ጎራዴ ደግሞ ከማጭድ ይልቅ ይረዝማል፤ ይከብዳል፤ በፍጥነት ይወዘወዛል። ስንወዘውዘው የስለቱ ክብደት ሁሉ ወደ ውጭ ይጎትታል። ያን ጉተታ የሚሸከመው ስለቱ ወደ እጀታው የሚገባበት ቦታ ነው። በረጅም ጅራፍ ጫፍ ላይ ድንጋይ አሥሮ ማዞር ማለት ነው። ጅራፉ የሚበጠሰው ደካማው ቦታ ላይ ነው፤ ድንጋዩም ማንን እንደሚመታ አይመርጥም።

በደኅና ጎራዴ ግን ጭራው ከስለቱ ጋር ከአንድ ብረት የወጣ ነው። ከስለቱ ወደ ጭራው ሲያልፍ በድንገት አይቀጥንም። እንደ በሬ አንገት ቀስ እያለ ነው የሚጠብበው። የጥንቱን የአገራችንን ጎራዴ ብናይ፣ ብዙውን ጊዜ ጭራው በቀንድ ወይም በእንጨት እጀታ ውስጥ ከአፍ እስከ ዳር ያልፋል። በሌላው በኩል ብቅ ሲል በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ምስማር ራስ ይሆናል። ከሥሩ የብረት ወይም የብር ክብ ይደረግለታል። ስለዚህ እጀታው ቢላላ እንኳ ስለቱ በአንድ ጊዜ አምልጦ አይበርም። ባለቤቱ ይንቀጠቀጥብኛል ብሎ ወደ ባለ እጅ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ነገር ብረቱ ነው። ይህ ከጭራው ይልቅ ለማየት ያስቸግራል፤ ብረት ሁሉ ሲወለወል ይመሳሰላልና።

ለጎራዴ የሚሆነው አረብ ብረት ነው። አረብ ብረት ማለት ጥቂት ካርቦን የገባበት ብረት ነው። ካርቦን በከሰል ውስጥ የምናገኘው ነገር ነው። ለጎራዴ የሚሆን ብረት ከሺህ እጅ ውስጥ ከ5 እስከ 8 እጅ ያህል ካርቦን አለው። ከዚያ በጣም ካነሰ ብረቱ ለስላሳ ይሆናል፤ ይታጠፋል፤ ስለቱም ወዲያው ይዶለዱማል። በጣም ከበዛ ደግሞ ይደርቃል፤ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ይሁንና ብረቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ጎራዴ አይሆንም። እሳት ይፈልጋል። ባለ እጁ ስለቱን ወደ 800 ዲግሪ እስኪደርስ ያግሉታል። በዓይን ሲታይ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ማግኔት ቢያስጠጉለት አይስበውም፤ እንዲህ መሆኑ ብረቱ መድረሱን ያሳያል። ወዲያው ዘይት ወይም ውኃ ውስጥ ይነከራል። ብረቱ እጅግ ይጠነክራል። ግን ይጠነክርና ይሰባበራል፤ ቢወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ እንደገና ለስለስ ባለ እሳት፣ ከ200 ዲግሪ በላይ፣ ይሞቃል። የተወለወለው ብረት መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል። ባለ እጁ የሚፈልጉት ቀለም ላይ ሲደርስ ያወጡታል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ሁለት ጠባይ ይኖረዋል። ሲያርፍ ይቆርጣል፤ ሲለመጥ ተመልሶ ይቃናል። የጎራዴ ጥበብ ዋናው ነገር ይህ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ሁለተኛዋን እሳት የዘለለ ሰው ያመጣውን ሁሉ አበላሸ ማለት ነው።

የይምሰል ጎራዴ ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል። አንደኛው ለስላሳ ብረት ሆኖ ከላዩ የሚያበራ ቅብ የተቀባ ነው። የሙሽራው ወንድም ጎራዴ እንዲህ ያለው ነበር። ባለ እጁ በሞረድ ጫፉን ሲነኩት ሞረዱ እንደ ደረቅ አይብ ገመሰው። በእሳት የጠነከረ ስለት ቢሆን ኖሮ ሞረዱ ይንሸራተት ነበር። ሁለተኛው ስቴንለስ የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው። በዚህ ብረት ውስጥ ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ከመቶ እጅ ከ10 እጅ በላይ ይገባበታል። ለማንኪያና ለወጥ ቤት ቢላዋ በጣም ጥሩ ነው። እንደ ክንድ ለሚረዝም፣ ለሚወዘወዝና ለሚጋጭ ስለት ግን አይሆንም። ሲመታ ይሰበራል፤ ስባሪውም ይበራል። እንግዲህ «አይዝግም» ተብሎ የሚወደሰው ጎራዴ ብዙውን ጊዜ ለግድግዳ የተሠራ ነው ማለት ነው። የሚቆርጥ ጎራዴ ዝገት ይወዳል፤ ባለቤቱም ዘይት እየቀባ ይኖራል።

ሦስተኛው ክብደትና ሚዛን ነው። ሰው ሁሉ ከባድ ጎራዴ ጥሩ ጎራዴ ይመስለዋል። አይደለም። በአንድ እጅ የሚያዝ የጥንት ጎራዴ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ታዲያ የይምሰሉ ለምን እጅ ያደክማል? ከአንድ ወፍራም ላሜራ ተቆርጦ ስለሚወጣ ነው። ከእጀታው እስከ ጫፉ ውፍረቱ አንድ ነው። ጥሩ ስለት ግን እጀታው አጠገብ ይወፍራል፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየሳሳ ከግማሽ በታች ይደርሳል። ጎራዴውን በአንድ ጣት ላይ አጋድማችሁ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ከእጀታው አፍ አራት፣ አምስት ጣት ያህል ርቆ ቢቆም ደኅና ነው። ወደ ስለቱ አጋማሽ ቢጠጋ ጫፉ ይከብዳል። የተወዘወዘውን መመለስ ያቅታል። ራሱ ከባድ የሆነ ዱላ ሲወነጨፍ እጅን ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ ማለት ነው።

ገበያ ላይ ሻጩ እጀታውን ሰንጥቁ፣ በሞረድም ሞክሩ አይለንም። ቢሆንም ዓይንና እጅ ብዙ ያያሉ። ጎራዴውን ወደ ብርሃን አቅንተን፣ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ጀርባውን እስከ ጫፉ እናያለን። ሞፈር ስንመርጥ እንደምናደርገው ማለት ነው። ተጣሞ እንደሆነ ወይም እንደ እባብ ተወላግዶ እንደሆነ ይታወቃል። ቀጥሎ እጀታውን ይዘን እናንቀጠቅጠዋለን። ቀጭ ቀጭ ካለ ውስጡ ላልቷል። የእጀታውን መጨረሻ እናያለን። ጭራው ወጥቶ የተቀጠቀጠበት ምልክት ከሌለና በትንሽ ብሎን ወይም በሙጫ ብቻ ከተያያዘ እንጠርጥረው። የእጅ መከለያው ወርቅ ቢመስል በጥፍር ጫር እናደርገዋለን። ብዙ ጊዜ በሻጋታ የፈሰሰ ዚንክ ነው፤ ሲወድቅ ይሰበራል። አንዳንድ ሰው ስለቱን በጣቱ ጠንቆል አድርጎ ድምፁን ሰምቶ ይፈርዳል። ድምፅ ብቻውን አያስፈርድም። የተሰነጠቀ ማሰሮን በድምፁ እንለያለን፤ ያልበሰለ ብረትን ግን እንዲህ መለየት ያስቸግራል። አንበሳውና ጽሑፉም ምስክር አይሆኑም። አንበሳ ማንም ሊያትም ይችላል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። የማታውቁትን ስለት «ይለመጥ እንደሆነ ልየው» ብላችሁ በጉልበታችሁ ላይ አትጠፍሩት። ቢሰበር ስባሪው ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

አያያዙስ? ደኅና ጎራዴም ቢሆን አያያዝ ካላወቁ ባለቤቱን ይጎዳል።

ጎራዴ ሲመዘዝ አፎቱን በግራ እጅ ጨብጠን ነው። በዚህ ጊዜ ጣቶቻችን የስለቱ አፍ ባለበት በኩል ተጠቅልለው መዋል የለባቸውም። ርካሽ አፎት ከስስ ቆዳ ወይም በሙጫ ከተጣበቀ እንጨት ይሠራል። ስለቱ ሲንሸራተት ስፌቱን ቀዶ ጣት ይቆርጣል። ስለዚህ አፎቱን ከጀርባውና ከጎኑ እንያዝ። ጎራዴ ከእጅ ቢወድቅ ለመያዝ አንሞክር፤ ወደ ኋላ ዘለል እንበል። ጎራዴን ከጎራዴ ጋር በስለቱ አናጋጭ። በድንጋይ፣ በደረቅ ግንድ አንሞክረው። ለሌላ ሰው ስንሰጥ አፎቱ ውስጥ ከትተን እንስጥ።

በሽለላ ላይ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። የሰው ክንድና ጎራዴ ሲደመሩ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋሉ። ስለዚህ የሚሸልለው ሰው ዙሪያውን ቢያንስ አምስት ርምጃ ባዶ ቦታ ይኑረው። ሕፃናት ከፊት አይቀመጡ። በዳስ ውስጥ ከሆነ ጎራዴው ከአፎቱ ባይወጣ ይሻላል። ከነአፎቱ ይዞ መሸለል ምን ያሳፍራል? ሽለላው ያለው በድምፁና በቃሉ እንጂ በብረቱ አይደለም። ለቴአትርና ለዘፈን ቡድን የሚሠራ ጎራዴ ደግሞ ስለቱ የደነዘ፣ ጫፉ የከበበ፣ ጭራው ግን ጠንካራ መሆን አለበት። ከዋንዛ እንጨት ተጠርቦ ብርማ ቀለም ቢቀባም ከሩቅ ማን ይለየዋል? እኛ ከሚያበራው ብረት ይልቅ እንጨቱን እንመርጣለን።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ጉዳይ እንለፍ። ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ነጋዴ ወደ መንደራችን መጣ። የጎረቤታችን የሽማግሌው ቤት ግድግዳ ላይ የአያታቸው ጎራዴ ተሰቅሏል። ጥቁር ነው፤ ዝጓል፤ የአፎቱ ቀይ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ነጋዴው ከሻንጣው የሚያበራ ጎራዴ አወጣ።

«አባባ፣ ይሄ የዛገ ብረት ምን ያደርግልዎታል? በዚህ አዲስ ይለውጡኝ። ሁለት መቶ ብርም እጨምርልዎታለሁ» አላቸው።

ሽማግሌው አዲሱን ተቀብለው ነቀነቁት። ቀጭ ቀጭ አለ።

«ተው ልጄ፣ የእኔው ይሻለኛል» ብለው መለሱለት።

ነጋዴው ገንዘብ ጨምሮ ሊለውጥ ለምን ፈለገ? ሞኝ ሆኖ አይደለም። አሮጌው ጎራዴ በእሳት የበሰለ ብረት ነው። ታሪክም አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከጠመንጃው ጋር ጎራዴና ጦርም ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙው የጎራዴ ስለት ከአውሮፓ ይመጣ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ በጀርመን አገር ዞሊንገን ከምትባል ከተማ የመጣ አለ። እጀታውንና አፎቱን የሚሠሩለት ግን የአገራችን ባለ እጆች ነበሩ። ስለዚህ አሮጌ ጎራዴ ላይ የፈረንጅ ፊደል ብታዩ የይምሰል ነው ብላችሁ አትጣሉት። እንዲያውም አጥብቃችሁ ያዙት። የአንዳንዱ ጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ነው። የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። እንዲህ ያለውን እጀታ በድብቅ የሚፈልግ ሰው የሚመጣው ለባለቤቱ አዝኖ አይደለም። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። በወረዳ የባህል ሥራ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ጎራዴውን ማስመዝገብ ይቻላል።

ሽማግሌው ጎራዴውን በአሸዋ ሊፈትጉት ነበር፤ ባለ እጁ ከለከሏቸው። አሸዋና ሞረድ ከዝገቱ ጋር ጽሑፉንና ምልክቱንም ይፍቃሉ። በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ መወልወል ይበቃል። ከዚያ በስሱ ዘይት ይቀባል። የኑግ ዘይት አይሆንም፤ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ጨው የነካው ቅቤም ብረት ይበላል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ከተገኘ እሱ ነው ጥሩ። ስለቱን በባዶ እጅ የነካው ሰው ላቡን መጥረግ አለበት፤ በላብ ውስጥ ጨው አለና። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ስለቱ ከአፎቱ ቢለይ ይመረጣል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ጎራዴው የዛገውም በክረምት ቆዳው ውስጥ ሆኖ ነው። ልጆች በማይደርሱበት ቦታም ይሰቀል።

የሙሽራው ወንድም ስለት አልተጣለም። ባለ እጁ ቆርጠው ለጎተራ በር ማጠፊያ አደረጉት። ለስላሳ ብረት ስለሆነ በቀላሉ ታጠፈላቸው። አንበሳው ግማሹ ተቆርጦ ቢቀርም ጭራውና የኋላ እግሩ አሁንም ይታያሉ።